የአክስቴ በርበሬ ለምን ከምግብ ቤቱ በር አያልፍም?

ባለፈው ጥር ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በርበሬ ሲዘጋጅ ነበር። ጎረቤት ተጠራ፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ፤ ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ዛላውን ቀነጠሱ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቀጠ፤ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁሩና ነጩ አዝሙድ በአክስቴ እፍኝ ተሰፈረ። ከወፍጮ ቤት ሲመለስ 15 ኪሎ ሆነ። መንገደኛ ተፈልጎ፣ ሻንጣ ተገዝቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ልጇ ከአሜሪካ ደወለች። «እማዬ፣ ለቤቴ የምትሆን ትንሽ ላኪልኝ። ለምግብ ቤቱ ግን አትላኪ፤ ልሠራበት አልችልም።» አክስቴ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ቀን አኮረፈች። «የእናቷን እጅ ተጸየፈች» ነበር ያለችው።

ልጅቷ አልተጸየፈችም። ያን በርበሬ ከሁላችንም በላይ የምትናፍቀው እሷ ናት። ነገር ግን እኛ እዚህ ደሴ ላይ «ምግብ ቤት ከፈተች» ስንል የምናስበውና እሷ እዚያ ቨርጂኒያ ውስጥ የገባችበት ሥራ ለየቅል ናቸው። ውጭ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት በሚከብድበት ከተማችን ይህን አለማወቅ ቤተሰብ ያቀያይማል። ከእሷ ጋር በየሳምንቱ ስናወራ የተረዳሁትን፣ ደንቡንም አንብቤ ያገናዘብሁትን፣ በተቻለኝ መጠን ግልጽ አድርጌ ላስረዳ።

ከበርበሬው ልጀምር። አንድ መንገደኛ ለራሱ ወይም ለዘመዱ ቤት የሚሆን ደረቅ ቅመም በሻንጣው ይዞ አሜሪካ መግባት ይችላል፤ ጉምሩክ ላይ ሲጠየቅ የሚበላ ነገር መያዙን ማሳወቅ ግን ግዴታው ነው። ሥጋ አይገባም። ቋንጣም ሥጋ ነው፤ ደርቋል፣ ተቀምሟል ቢባል ይወሰዳል፤ ሳያሳውቁ ከተገኘ ደግሞ ያስቀጣል። የሚፈሩት አፍተግርን የመሰለ የከብት በሽታ ወደ አገራቸው እንዳይገባ ነው። ጫት እዚያ በአደንዛዥ ዕፅ የሚያስከስስ ነገር ነው። አድርቆና ፈጭቶ በሰው ሻንጣ ውስጥ መክተት ያንን ሰው ወደ እስር ቤት መላክ ስለሆነ፣ እባካችሁ ማንንም እንዲህ ያለ ዕቃ አታሸክሙ።

ያው በርበሬ ለሽያጭ በሚቀርብ ወጥ ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ሌላ ሕግ ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለምግብ ቤቶች ያዘጋጀው ደንብ አለ፤ ክልሎቹ እየተቀበሉ የራሳቸው ሕግ ያደርጉታል። ደንቡ በመኖሪያ ቤት የተዘጋጀ ምግብ በምግብ ቤት እንዳይቀርብ ይከለክላል። ልጅቷ ራሷ ማታ በአፓርታማዋ የሠራችውን ወጥ ጠዋት ወደ ምግብ ቤቷ ወስዳ መሸጥ አትችልም። ስለዚህ ነገሩ የደሴን ጓዳ መናቅ አይደለም፤ የእሷም ጓዳ ተከልክሏል።

ከውጭ ለንግድ የሚገባ ምግብ ደግሞ ተጨማሪ ወረቀት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ምግቡን ያዘጋጀው ወይም ያሸገው የውጭ ድርጅት በአስተዳደሩ መመዝገብ አለበት፤ እያንዳንዱ ጭነት ከመድረሱ በፊትም ማስታወቂያ መላክ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ሕግ ሌላ ጨመረበት፤ ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ አስመጪውም ያ ምግብ የት፣ በማን፣ እንዴት እንደተዘጋጀ ማረጋገጥና ማስረጃውን መያዝ አለበት። አክስቴ ግቢ ውስጥ በሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ሕጉ የሚፈራው ነገር ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በደረቅ ቅመም ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ከዚያ የባሰው አፍላቶክሲን ነው፤ ሻጋታ የሚያመነጨው፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ። አሜሪካ በምግብ ውስጥ የምትታገሰው ከቢሊዮን ክፍል 20 ክፍል ብቻ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ ያስቀመጠው ወሰን ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ 10 ነው። ዛላው ሲደርቅ ባዶ መሬት ላይ ከተሰጣ፣ ሌሊት ጤዛ ካገኘው፣ ወይም እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲደፋ ውሃ ከተረጨበት ሻጋታው ይጀምራል። አክስቴ ይህን በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። ሰኞ ገበያ ላይ ዛላውን ለሁለት ሰብራ ታሸትተዋለች፤ ውስጡ ግራጫ ካየች ዋጋ ሳትጠይቅ ታልፋለች። ላቦራቶሪው የሚጠይቀው በመሠረቱ የአክስቴን ጥያቄ ነው፤ ልዩነቱ መልሱን በወረቀት መፈለጉ ነው። አፍንጫ የማይደርስበትም አለ፤ ሻጋታው ከተራገፈ በኋላ መርዙ ሊቀር ይችላል፣ ወጥ የሚበስልበት ሙቀትም በቀላሉ አያጠፋውም።

ልጅቷ እንግዲህ ወረቀት ካለው አስመጪ የታሸገ በርበሬ ትገዛለች። ያንን እንደገና በኮረሪማና በአዝሙድ ታቃናዋለች። ደንበኛው «የእናት ቤት ይመስላል» ሲላት ደስ እያላት ታዝናለች።

እንጀራው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ኢትዮጵያ ያልተፈጨ ጤፍና የጤፍ ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከለች፤ በ2015 በከፊል ፈቀደች። የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ይላካል። በአሜሪካ ጤፍ ማብቀል ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው፤ ዋይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1970ዎቹ አገራችን ውስጥ ቆይቶ ሲመለስ አይዳሆ ክልል ጤፍ ዘራ፤ ዛሬ እዚያ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን የሚጋግሩት የዚያን አገር ጤፍ ነው። ዋጋው ስለሚከብድ በርካታ ምግብ ቤቶች ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ይቀላቅሉታል። እዚህ ሆኖ «ንጹሕ ጤፍ አይደለም» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። የጤፍ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ደሴ ውስጥስ ስንት ቤት ሩዝ ቀላቅሎ ጋግሯል?

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እንጀራዋ ሲበላሽ ከረመች። ምክንያቱ ሙያ ማጣት አልነበረም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ሥር ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ሊጡ ሦስት ቀን፣ ክረምት ላይ አራት ቀን ይቆያል። የእሷ ምግብ ቤት ያለው ለባሕር ወለል በቀረበ ዝቅተኛ አገር ነው፤ በሐምሌ ወበቅ ሊጡ በአንድ ቀን ቦክቶ በሁለተኛው ይሆመጥጣል። ውሃ እንኳን አንድ አይደለም፤ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል፣ እዚያ ወደ 100 ይጠጋል። ስለዚህ አተሩና ምስሩ ቶሎ ይበስላል። አክስቴ በስልክ «ቡና እስኪፈላ ድረስ ተይው» ብላ የነገረቻት ሁሉ ሚዛኑ ተዛባ። ኮምቦልቻ ያደገ ሰው ደሴ መጥቶ ሲጋግር የሚገጥመውን ግራ መጋባት አስቡት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ሊጡ ግን ያውቀዋል።

ተቆጣጣሪው የመጣ ዕለት የሊጡ ባልዲ ወለል ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጥፋት ይህ ሆነ፤ ማንኛውም ምግብ ከወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ጥያቄ ከበደ። ደንቡ ሊበላሽ የሚችል ምግብ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ57 ዲግሪ በላይ ይሙቅ ይላል፤ በመካከሉ ተሕዋስያን ይራባሉ። «ይህ ሦስት ቀን ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠ ነገር ምንድን ነው?» አላት። እኛ እርሾ፣ አብሲት ብለን የምናልፈውን በሳይንስ ማስረዳት ነበረባት። መልሱ በኮምጣጤነቱ ውስጥ ነው፤ የአሲድ መለኪያው ከ4.2 በታች ከወረደ አብዛኞቹ አደገኛ ተሕዋስያን መራባት ይሳናቸዋል፣ በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥም ከዚያ በታች ይወርዳል። አሁን እስክርቢቶ የምታክል መለኪያ ገዝታ ሊጡን ጠዋትና ማታ ትለካለች፤ ቁጥሩን በደብተር ትመዘግባለች። ያ ደብተር ከግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፈቃድ ባላነሰ ያኮራኛል። አያቶቻችን ያለ ስም ያወረሱን ጥበብ በቁጥር ተጽፎ አንድ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ አሳማኝ ሆኗል።

ምጣዱም ችግር ነበረው። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ይሠራል፤ እዚያ ተራው ሶኬት 120 ቮልት ነው። ወገኖቻችን ለዓመታት መፍትሔ ያገኙት ከማይጠበቅ ቦታ ነው፤ ከኖርዌይ የመጡ አሜሪካውያን ሌፍሴ የሚባል ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ክብ ምጣድ አለ፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል። በብዙ ሐበሻ ቤት ያለው እሱ ነው። ለምግብ ቤት ግን ስለሚያንስ፣ እሷ እንጀራውን የምትጋግረው ለብቻው መስመር በተዘረጋለት ትልቅ ምጣድ ነው።

መሶቡ የበለጠ አሳዘናት። ከሐይቅ ያሠራችው ባለ ቀለም መሶብ ነበራት። ምግብ በቀጥታ የሚነካው ነገር ሁሉ ለስላሳ፣ ፈሳሽ የማይመጥና በደንብ የሚታጠብ መሆን ስላለበት እንጀራውን ሰፌድም ሆነ መሶብ ላይ በቀጥታ ማንጠፍ አይቻልም። ብረት ትሪ ላይ አቅርባ ትሪውን መሶቡ ውስጥ ታስቀምጣለች። ቡናም እንዲሁ፤ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ በጭሱና በእሳቱ ምክንያት ስለማይፈቀድ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይጣዳል። እጣኑን ጢስ ጠቋሚው እንዳይጮህ በር ላይ ታጨሰዋለች።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የበላው ማንም የማያየው ነገር ነው። ከምድጃው በላይ የሚሰቀል የጢስ መሳቢያ፣ ከእሳት ማጥፊያው ጋር፣ ከባዶ ሲሠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በእሱ ላይ የፍሳሹን ቅባት የሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ ባለ ሦስት ክፍል የዕቃ ማጠቢያ፣ ለእጅ ብቻ የሚሆን ሌላ መታጠቢያ አለ። ለዚህ ነው ቀድሞ ፒዛ ቤት የነበረውን ቦታ ፈልጋ የያዘችው፤ መሳቢያውና ቧንቧው ተሠርቶ ጠበቃት። ውጭ አገር ምግብ ቤት ልከፍት ነው የሚል ዘመድ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የምትጠይቁት የምግቡን ዝርዝር ሳይሆን «ቦታው ቀድሞ ምን ነበር?» የሚለውን ይሁን።

መነሻ ገንዘቡ ከየት መጣ? ባንክ የብድር ታሪክና የዓመታት የግብር ወረቀት ይጠይቃል፤ አዲስ ስደተኛ ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ እቁብ ገባች። ከደሴ ይዘነው የሄድነው እቁብ ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ታክሲ ገዝቷል፣ ብዙ ሱቅ ከፍቷል። ዕጣው ሲደርሳት በሙሉ ለቦታው ኪራይ ቀብድና ለመሣሪያ ወጣ፤ መዋጮው ግን በየወሩ ይቀጥላል። የኪራይ ውሉ አምስት ዓመት ነው፣ የፈረመችውም በግል ዋስትና ነው። ምግብ ቤቱ ቢዘጋ እንኳን ኪራዩ እሷን ይከተላል።

አሁን እዚህ ቤተሰቡ ሁሉ ወደሚጠይቀው ነገር ልምጣ። አንድ ትሪ በያይነቱ 20 ዶላር ይሸጣል። 20 ዶላር ሲባል እኛ በልባችን ወዲያው በብር እናበዛዋለን። በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት ግን እንዲህ ነው። 6 ዶላር ያህሉ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቅመም ነው። 6 ዶላር ከ50 የሚሆነው የሠራተኛ ደመወዝና ከደመወዙ ጋር የሚከፈለው ግብር ነው። 2 ዶላር ኪራይ። መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃ፣ መድን፣ ቆሻሻ አንሺ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ፈቃድ፣ የተሰበረ ማቀዝቀዣ ማሠሪያ፣ ደንበኛው በካርድ ሲከፍል የሚቆረጠው ወደ 60 ሳንቲም የሚጠጋ ክፍያ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ 4 ዶላር ከ50 ገደማ ይወስዳል። የቀረው 1 ዶላር ነው። በጥሩ ወር። የሽያጭ ታክሱ ለመንግሥት የምትሰበስበው እንጂ የእሷ አይደለም። አስተናጋጁ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘውን ጉርሻ ባለቤት እንዳይነካ ሕግ ይከለክላታል።

ደንበኛው ቤቱ ሆኖ በስልክ መተግበሪያ ካዘዘ ደግሞ አድራሹ ኩባንያ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቆርጣል፤ ከ20 ዶላሩ 3 እስከ 6 ዶላር ማለት ነው። ትርፏ 1 ዶላር በሆነ ትሪ ላይ 3 ዶላር ሲነሣ፣ ያን ትሪ የሸጠችው ከኪሷ ጨምራ ነው። ታዲያ ለምን ትሸጣለች? ካልሸጠች ጎረቤቷ ያለው ምግብ ቤት ይሸጣል፤ ሠራተኛውም ምድጃውም ሥራ ፈቶ ይውላል።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት አንድ ዘመዳችን ለልጁ ሠርግ 300 ዶላር እንድትልክለት ጠየቃት። «ምግብ ቤት ላላት ሰው ምኗ ነው?» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ከላይ ያለውን ስሌት ሠራሁለት። 300 ዶላር ማለት 300 ትሪ ነው። 300 ትሪ ማለት፣ ለአንድ ትሪ ሦስት እንጀራ ብንል፣ 900 እንጀራ ነው፤ 900 ጊዜ ምጣድ ፊት መቆም። ዘመዳችን ጥሩ ሰው ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

እንዲያም ሆኖ በዚህ ሥራ የቆዩ፣ የጸኑ አሉ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ከተማ የተከፈተው ነው፤ ዋሽንግተን ላይ በ1978 ማማ ደስታ የሚባለው ተከተለ። ከአብዮቱ በኋላ ስደተኛው ሲበዛ ምግብ ቤቱም በዛ፤ ሎስ አንጀለስ በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን ሰፈር በ2002 በይፋ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ ሰየመችው። የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶች ሹካ ካልመጣ አልበላም የሚል ፈረንጅ ፊት ቆመው በእጅ መብላትን አስተማሩ፤ የዛሬዎቹ ያንን ሥራ ተሠርቶ አገኙት።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አላሰበውም። እዚህ ረቡዕና ዓርብ የምንበላው የጾም ምግብ እዚያ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለማይበላው ሰው ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ የሚፈለግ ሆነ። ምስርና ጎመን ከሥጋ ይረክሳሉ፤ የአክስቴ ልጅ «ኪራዬን የሚከፍልልኝ ምስር ወጥ ነው» ትላለች። ክትፎ ግን በምግብ ዝርዝሩ ላይ ጥሬ ወይም ለብለብ ያለ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ካልተጻፈበት አይሸጥም።

ሥጋውን በተመለከተ የወሎ ልጅ መሆኗ ጠቀማት። እዚህ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ እንደሚታረድና ለየብቻ እንደሚሠራ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት መደርደሪያ አላት፤ የሐላሉን ሥጋ ደረሰኝ ለሚጠይቃት ታሳያለች። ተቆጣጣሪው ይህን አይቶ፣ ጥሬው ከበሰለው እንዳይነካካ ያደረገችው መስሎት፣ አመስግኗት ሄደ። የምግብ ቤቱን ስም በንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ፈረንጁ ሊጠራው አይችልም ብለው አስተዉአት። እኔ ብትለው እወድ ነበር።

አክስቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ምን ልላክላት?» አለች። ለልጅቷ ደውዬ ጠየቅኋት። መልሷ ወዲያው ነበር፤ መጠኑን ትንገረኝ አለች። ሦስት ወጥ ሠሪዎች በፈረቃ ይሠሩላታል፤ የሦስቱ እፍኝ ሦስት ዓይነት ስለሆነ የማክሰኞ ዶሮ ወጥና የቅዳሜው አንድ አይሆንም። ደንበኛው ያውቀዋል። በግራም የተጻፈ ያስፈልጋታል።

በማግሥቱ ሰኞ ገበያ አብሬያት ሄድሁ። አክስቴ ከምታውቀው ቅመም ነጋዴ ፊት ቆመች። ኮረሪማውን በእፍኟ አንሥታ ሚዛኑ ላይ አፈሰሰችው፤ ቁጥሩን በስልኬ ጻፍሁ። መልሳ ወደ ጆንያው ከተተችው። እንደገና አነሣች፣ እንደገና አፈሰሰች። ሦስተኛም። ነጋዴው ጎንበስ ብሎ ሚዛኑን አየና «እትዬ፣ ያው ነው እኮ» አላት። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጥቁር አዝሙዱ ዞረች።